የመኪናው ምስክርነትና የአሽከርካሪው ኅሊና

ፍርድ ባለበት ሁሉ ምስክር ይፈለጋል። ምስክር ግን ሁልጊዜ ሰው ብቻ አልነበረም። ያዕቆብና ላባ ቃል ኪዳን በገቡ ጊዜ በመካከላቸው ምስክር እንዲሆን የድንጋይ ክምር አቆሙ (ዘፍ. 31፥44-52)። ኢያሱም ሕዝቡ እግዚአብሔርን ብቻ ለማምለክ ቃል በገባ ጊዜ በሴኬም ከዛፍ በታች ታላቅ ድንጋይ አቁሞ፣ ድንጋዩን የተነገረውን ሁሉ እንደ ሰማ ምስክር ቈጠረው (ኢያ. 24፥26-27)። ድንጋይ ጆሮም አፍም የለውም፤ ነገር ግን ቃል የገቡት ሰዎች ባዩት ቁጥር የገዛ ቃላቸውን ያስታውሳቸዋል።

በዘመናችን ደግሞ እንደ ድንጋዩ አፍ የሌለው ሌላ ምስክር በፍርድ አደባባይ ቆሟል። ይኸውም በመኪና ውስጥ ተገጥሞ የአደጋን ቅጽበት የሚመዘግበው መሣሪያ ነው። በተለይ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች፣ ሰው ሞቶ ወይም ቆስሎ ክርክር ሲነሣ፣ የመኪናው ፍጥነት ምን ያህል እንደ ነበረና ፍሬን ተረግጦ እንደ ሆነ ከአሽከርካሪው አንደበት ይልቅ ከመሣሪያው መዝገብ የሚታወቅበት ጊዜ እየበዛ ሄዷል። ከዚህም የተነሣ ኅሊናችንን የሚነኩ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ በራሱ ላይ ቢመሰክር ተገቢ ነውን? ምስክርነቱስ እስከ ምን ድረስ ሊታመን ይችላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መኪናው እውነቱን የሚናገር ከሆነ ለአሽከርካሪው የሚናገረው ምን ይቀርለታል?

መሣሪያው ምን ይመዘግባል?

የአገራችን ሰው ስለ እንዲህ ዓይነቱ መዝጋቢ ይበልጥ የሰማው ከአውሮፕላን ጋር በተያያዘ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ባለፈ ጊዜ፣ ሁላችንም «ጥቁር ሣጥን» ስለሚባለው መዝጋቢ ሰምተናል። የመኪናው መዝጋቢ ከዚያ በጣም ያነሰና የተወሰነ ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ኤርባጉን በሚቈጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ አይቀዳም፤ ፎቶግራፍም አያነሣም። መኪናው ሲጋጭ ግን ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ይዞ ያስቀራል። ይኸውም የመኪናው ፍጥነት ስንት እንደ ነበረ፣ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደ ተረገጠ፣ ፍሬን መያዙንና አለመያዙን፣ አሽከርካሪው የደኅንነት ቀበቶ ማሰሩንና አለማሰሩን፣ በግጭቱም ጊዜ ፍጥነቱ በምን ያህል እንደ ተለወጠ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ መሣሪያው በተገጠመላቸው አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ከግጭቱ በፊት ያለው የ5 ሰከንድ መረጃ እንዲያዝ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ይህ ጊዜ ወደ 20 ሰከንድ ከፍ እንዲል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ መሣሪያው በአዳዲስ የቤት መኪኖችና በቀላል የጭነት መኪኖች ሁሉ ላይ እንዲገጠም አስገድዷል።

ስለ መረጃው ባለቤትነት ግን ሁለቱ የሄዱበት መንገድ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መረጃውን የመኪናው ባለቤት ወይም በኪራይ ውል የያዘው ሰው ንብረት ያደርገዋል፤ በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥቂት ምክንያቶች በቀር ያለ እርሱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ሊያወጣው አይችልም። የአውሮፓው ሕግ ደግሞ መሣሪያውን ያዘዘው ለአደጋ ጥናትና ምርምር በመሆኑ፣ የመኪናው መለያ ቁጥር የመጨረሻዎቹ 4 አኃዞች እንዳይመዘገቡ ይከለክላል። ይህም መዝገቡ የማን እንደሆነ ሳይሆን በመኪናው ላይ የደረሰውን ብቻ እንዲናገር ታስቦ ነው።

እውነት ለተጎዳው ወገን የሚገባ ነው

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የምናነበው የሶስና ታሪክ የሰው ምስክርነት ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያስተምረናል። በሕዝቡ ዘንድ የተከበሩ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቃል ሆነው በንጽሕት ሴት ላይ መሰከሩ። ሕጉ የሚጠይቀው የምስክር ቁጥር ሞልቶ ነበር፤ ሞትም ተፈርዶባት ነበር። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠይቃቸው መልሳቸው አልተስማማም። ዛፉ አንድ ቃል ሳይናገር የሐሰተኞቹ ምስክርነት ፈረሰ።

የመንገድ አደጋም ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። የሞተው አይናገርም፤ የሚናገረው የተረፈው ነው። የተረፈውም በድንጋጤ፣ ወይም እስራትንና ካሣን በመፍራት ጥፋቱን ወደ ሟቹ ሊያዞር ይችላል፤ ሟቹም ከመቃብር ተነሥቶ የሚከራከርበት መንገድ የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ መሣሪያው ለሟቹ ጠበቃ ይሆንለታል። የፍርድ ቤቱን ቋንቋ አጥርቶ ለማይናገር ስደተኛም እንዲሁ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ብዙ ወገኖቻችን በታክሲ ሥራ እንደሚተዳደሩ የታወቀ ነው። እንግሊዝኛ የሚያዳግተው አሽከርካሪ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ካቆመ ባለጋራ ጋር ሲከራከር፣ በተፈቀደው ፍጥነት መሄዱንና ፍሬን በጊዜው መርገጡን የሚያሳይ መዝገብ ቢኖረው ትልቅ መከታ ነው። መሣሪያው ሀብት አይቶ አያዳላም፤ በአነጋገርም አይደለልም።

ስለዚህ «ገመናችንን ያወጣብናል» በማለት ብቻ ይህን መሣሪያ መጥላት ለክርስቲያን አይገባም። ስምንተኛው ትእዛዝ የሐሰት ምስክርነትን ሲከለክል የሚጠብቀው የተናጋሪውን ነፍስ ብቻ ሳይሆን የባልንጀራውንም መብት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2290)፣ በስካር ወይም ከመጠን ባለፈ የፍጥነት ፍቅር በመንገድ ላይ የራሳቸውንና የሌሎችን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥሉ ሰዎች ከባድ በደል እንደሚፈጽሙ ያስተምራል። በደሉ ከባድ ከሆነ እውነቱን ማወቅም ከባድ ግዴታ ነው።

መሣሪያውም ሊሳሳት ይችላል

ታዲያ የመሣሪያውን ቃል ያለ ምርመራ እንቀበለውን? አይደለም። መሣሪያው የሚጽፈው የተነገረውን ነው፤ የሚነግሩት ደግሞ ሴንሰሮች ናቸው። ከላይ የጠቀስነው የአውሮፕላን አደጋ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት እንዳመለከተው፣ የአውሮፕላኑን አቀማመጥ ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች መካከል የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ያመለክት ነበር። መዝጋቢው ሁለቱንም በታማኝነት ጻፈ፤ የግራው ንባብ ግን እውነት አልነበረም። የአውሮፕላኑ የበረራ ሥርዓትም ይህንኑ የተሳሳተ ንባብ ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ስሕተቱ ሊታወቅ የቻለው አንዱ መረጃ ከሌላው ጋር ስለ ተነጻጸረ ነው።

በመኪናም ይኸው ይደርሳል። መሣሪያው የሚመዘግበው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከጎማ መሽከርከር ነው። ስለዚህ ጎማው በበረዶ ላይ በከንቱ ሲሽከረከር ከእውነቱ የበለጠ፣ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይዞር ሲንሸራተት ደግሞ ከእውነቱ ያነሰ ፍጥነት ሊጻፍ ይችላል። በግጭቱ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተበጠሰም መዝገቡ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ጠንቃቃ ባለሙያዎች መዝገቡን ከጎማው ጭረት፣ ከመኪናው መጨራመትና ከዐይን ምስክሮች ቃል ጋር ያስተያያሉ። ነገር በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይጸና ኦሪት ዘዳግም (19፥15) ያዘዘው ለዚህ አፍ ለሌለው ምስክርም የሚስማማ ጥበብ ነው።

ሰው ራሱን እንዲከስ ይገደዳልን?

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ«ሱማ ቴዎሎጂካ» ስለ ተከሳሽ ግዴታ ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን ይለያል። እውነትን ሳይናገሩ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ ሐሰትን መናገር ግን ሌላ ነው። ዳኛ ከሕግ ሥርዓት ውጭ ለሚያቀርበው ጥያቄ ተከሳሹ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም በምንም ምክንያት ሐሰት እንዲናገር አይፈቀድለትም። የቤተ ክርስቲያን ሕግም በወንጀል ክስ ጊዜ ተከሳሹ ጥፋቱን እንዲያምን አያስገድደውም፤ አያስምለውምም። ይህ ሁሉ የሰውን ክብር ለመጠበቅ የተደረገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት አንድ መኪና ከግል መግቢያ ወደ መንገድ ይወጣ ከነበረ ሌላ መኪና ጋር ተጋጨ፤ ወደ መንገዱ ይወጣ በነበረው መኪና ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። ፖሊሶች እዚያው ቦታ ላይ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የመኪኖቹን መዝገብ አነበቡ። መዝገቡም የተረፈው አሽከርካሪ ከግጭቱ አስቀድሞ በሰዓት ወደ 100 ማይል፣ ማለትም ወደ 160 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሄድ እንደ ነበር አሳየ። ሰውየው ተፈረደበት። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያለ ማዘዣ መዝገቡን ማውጣት ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ብርበራ ስለሆነ ማስረጃው መቅረብ አልነበረበትም ሲል ፍርዱን ሻረው።

ይህን የሚሰማ ሰው «ሁለት ሰው ሞቶ፣ ፍጥነቱም ታውቆ፣ ለአንድ ወረቀት ሲባል ይህ ሁሉ ይቀራልን?» ብሎ ሊቈጣ ይችላል። ቈጣው የሚገባን ቢሆንም፣ መልካም ፍጻሜ ተገቢ ያልሆነውን መንገድ እንደማያጸድቅ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ዛሬ ለእውነት ብሎ ያለ ፈቃድ የሰውን ደጅ የከፈተ ባለ ሥልጣን፣ ነገ ለሌላ ምክንያት እንደማይከፍተው ዋስትና የለም። ስለሆነም ሕግ ለባለ ሥልጣን ወሰን ማበጀቱ ተገቢ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ፍርድ ቤት ማስረጃን ሊያስቀር ይችላል፤ የተፈጸመውን ድርጊት ግን እንዳልተፈጸመ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚያ ሰው ነፍስ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ባለ ቦታ ሊቆም የሚችል ክርስቲያን ሁሉ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ሕግ ቢለቀኝ ኅሊናዬ ይለቀኛልን? ዝም የማለት መብት በመንግሥት ፊት የተሰጠ መብት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት የሚያገለግል አይደለም፤ ልጃቸውን በቀበሩ ወላጆች ፊትም ዕዳን አያጠፋም። በባልንጀራችን ላይ ያደረስነውን ጉዳት በተቻለን መጠን መካስ እንደሚገባን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 1459) ያስገነዝበናል፤ ይህም ግዴታ ማስረጃ በመኖሩና ባለመኖሩ አይወሰንም። ዘኬዎስን በዚያች ቀን ፍርድ ቤት ያቀረበው ከሳሽ አልነበረም። የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው ጌታ ወደ ቤቱ ስለ ገባ ነው (ሉቃ. 19፥1-10)።

መሣሪያው የማያውቀው ነገር

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ምክትል አገረ ገዥ የነበሩት ቲሞቲ ሙሬይ የመንግሥት መኪና ብቻቸውን ሲነዱ ከመንገድ ወጡ፤ ደግነቱ ከባድ ጉዳት አልደረሰባቸውም። መጀመሪያ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት ይነዱ እንደ ነበርና ቀበቶም አስረው እንደ ነበር ተናገሩ። በጥር 2012 ይፋ የሆነው መዝገብ ግን ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 108 ማይል (174 ኪሎ ሜትር ገደማ) መድረሱንና ቀበቶው አለመታሰሩን አሳየ። መርማሪዎቹ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንዳልቀረ ገመቱ፤ እርሳቸውም የተጣለባቸውን የገንዘብ መቀጮ ተቀበሉ።

መሣሪያው በዚህ ጉዳይ ያሳየው የተነገረው ቃል ከሆነው ነገር ጋር አለመስማማቱን ነው። ቃሉ ውሸት ነበረን ወይስ ስሕተት? ለዚህ መሣሪያው መልስ የለውም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንዳስተማረው፣ ሰው ዋሸ የሚባለው በልቡ ከያዘው የተለየ ነገር ለማታለል አስቦ ሲናገር ነው። ልብን ደግሞ የሚያነብ ሴንሰር የለም። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2010 የቶዮታ መኪኖች ያለ አሽከርካሪው ፈቃድ ይፈተለካሉ የሚል አቤቱታ በአሜሪካ በበዛ ጊዜ፣ የመንግሥት መርማሪዎች መዝገባቸውን ካዩአቸው 58 መኪኖች በ35ቱ ፍሬን ጨርሶ አልተረገጠም ነበር። ሰው በድንጋጤ እግሩን በፍሬን ፈንታ በነዳጅ ፔዳሉ ላይ አሳርፎ «ፍሬን ያዝሁ» ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሐሰተኛ ልንለው አይገባም። በሌላ በኩል ኩባንያው ራሱ ስለ መኪኖቹ ደኅንነት ሕዝብን ማሳሳቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያን የኩባንያውን ጥፋት የያዘ መዝገብ በማንኛውም መኪና ውስጥ አልነበረም።

የድርጊት መልካምነትና ክፋት የሚመዘነው በተደረገው ነገር፣ በዓላማውና በሁኔታው ነው። አለማወቅ፣ አለማስተዋል፣ ፍርሃትና ልማድም የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ እንደሚችሉ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች (ቁ. 1735)። መሣሪያው ከእነዚህ የሚያውቀው የተደረገውን ነገር፣ እርሱንም በከፊል ነው። ከዚህም ሌላ የ5 ሰከንዱ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ5 ሰዓት በፊት ነው። እንቅልፍ ይዞት ሳለ የሚሆነውን የሚመርጥ ሰው የለም፤ ድካሙ እየተሰማው መሪ የሚጨብጥ ግን መርጧል። መጠጥ ቤት ገብቶ መኪናውን በር ላይ ያቆመም መርጧል። ለገቢ ሲል እንቅልፍ ያላገኘውን ሾፌር «ቶሎ ደርሰህ ተመለስ» ብሎ የላከ የመኪና ባለቤትም የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስሙም ድምፁም የለም።

ከመዝገቡ የሚቀድም ቃል

እንግዲህ መሣሪያው ጠቃሚ ምስክር ነው፤ ዳኛ ሊሆን ግን አይችልም፤ የአሽከርካሪውንም ቃል ሊተካ አይችልም። የሚያሠጋው ነገር መሣሪያው መናገሩ ሳይሆን፣ እኛ እርሱ ካልተናገረ ላለመናገር መልመዳችን ነው። መዝገቡ ከተነበበ በኋላ «አዎን፣ ፈጥኜ ነበር» ማለት መሸነፍ ነው፤ ሳይነበብ ማለት ግን ምስክርነት ነው። ንስሐም የሚጀምረው ሰው ሳይገደድ በደሉን የራሱ ሲያደርግ ነው። መሣሪያው የያዘውን ሁሉ ያወጣል፤ ይቅር ማለት ግን አይችልም። በምሥጢረ ንስሐ ካህኑ የሰማውን ለማንም አያወጣም፤ በእግዚአብሔር ሥልጣንም ይፈታል።

የስደተኞችና የተጓዦችን ሐዋርያዊ እንክብካቤ ይመራ የነበረው የቫቲካን ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ መንገድ ያወጣው ሰነድ ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ምክሮችን ይዟል። ከእነዚህም መካከል የአደጋ ሰለባ ቤተሰቦችን መደገፍ፣ ጥፋተኛውንና ተጎጂውንም በተገቢው ጊዜ አገናኝቶ ይቅርታን እንዲቀምሱ ማድረግ ይገኙበታል። ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ መላክና እርቅ መለመን የቈየ ልማዳችን ነውና። መዝገቡ ለቅሶ ሊደርስ አይችልም። ሐዘንተኛዋ እናት ልጇ በስንት ፍጥነት እንደ ተገጨ ከወረቀት ላይ ልትሰማ ትችላለች፤ «በድዬሻለሁ» የሚለውን ቃል ግን ከሰው አፍ ካልሆነ ከየትም አታገኘውም።

ስለዚህ አደጋ የደረሰበት አሽከርካሪ አስቀድሞ የተጎዳውን ይርዳ፤ የሕግ ምክር ቢያስፈልገው ይጠይቅ፤ ጠበቃው ለጊዜው ዝም እንዲል ቢመክረው ዝም ማለት ይችላል። ነገር ግን አይዋሽ፤ ጥፋቱን በሟች ላይ አይጫን፤ መዝገቡ እንዳይገኝ መኪናውን ለማጥፋት አይሩጥ። የመኪና ባለቤት ሾፌሩ ዕረፍት ማግኘቱን ይጠይቅ። ዳኛና መርማሪ ሆኖ የሚያገለግል ክርስቲያን ቁጥር አይቶ ብቻ በሰው ልብ ላይ አይፍረድ። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም ስምንተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ለወጣቶቹ ይህን አንድ ጥያቄ ብታቀርቡላቸው መልካም ነው፤ ያየ ሰው ባይኖር፣ የመዘገበም መሣሪያ ባይኖር፣ ለተጎዳው ሰው ምን ትነግረው ነበር?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ በሰላሙ ቀን መልስ ያዘጋጀ ሰው፣ በጭንቁ ቀን የሚናገረውን አያጣም። እግዚአብሔር መንገዳችንን ይባርክ፤ አንደበታችንንም በእውነት ይጠብቅ። አሜን።